ጊዜያዊ መኖሪያና ምትክ ቤት፦ በኦሎምፒያና በካዛንቺስ ለሚገኙ የልማት ተነሺዎች የተዘጋጀ ማብራሪያ

ይህ ማብራሪያ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በተለይም በኦሎምፒያና በካዛንቺስ አካባቢ የሚኖሩ ዜጎች የልማት ተነሺ በሚሆኑበት ጊዜ በጊዜያዊ መኖሪያና በምትክ ቤት መካከል ያለውን ልዩነት እንዲረዱ ለማገዝ የተዘጋጀ ነው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ እንደ አንድ ቢቆጠሩም የሚያስገኙት መብት የተለያየ ነው።

የመንግሥት ቤቶች አመጣጥ

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣልያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ይሠራ ከነበረ የጣልያን ተቋም መጠሪያ ነው። ዛሬ የመንግሥት ቤት የሚባሉት በአብዛኛው የተገኙት ግን ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው። በአዋጁ መሠረት አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ሲፈቀድለት ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ሆኑ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የነበሩት ደግሞ በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ተደረጉ። የኪራይ ቤቶችን ዛሬ የሚያስተዳድረው የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ነው።

በአንዳንድ አገሮች የሕዝብ ቤቶች ለተከራዮች ተሸጠዋል። በእንግሊዝ ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ የተሸጡ ቤቶችን የአካባቢ ምክር ቤቶች መጠለያ ላጡ ቤተሰቦች ሲሉ መልሰው እስከ መግዛት ደርሰዋል። በአዲስ አበባ የቀበሌ ቤት ለተከራዩ ስላልተላለፈ መልሶ መግዛት አያስፈልግም። ሆኖም ነባር መንደሮች ለመልሶ ማልማት ሲፈርሱ የቀበሌ ቤቶች ቁጥር ይቀንሳል፤ ለተነሺዎች የሚሰጠው ቤትም በዚያው መጠን ያንሳል። ስለሆነም ተነሺው ምን እንደተሰጠው በጽሑፍ ማወቁ አስፈላጊ ነው።

ጊዜያዊ መኖሪያ

ለሕዝብ ጥቅም ሲባል የመሬት ይዞታ የሚለቀቅበትን፣ ካሣ የሚከፈልበትንና ተነሺዎች መልሰው የሚቋቋሙበትን ሁኔታ የሚወስነው አዋጅ ቁጥር 1161/2011፣ ምትክ ቦታ የተሰጠው የከተማ ባለይዞታ አዲስ ቤት ሠርቶ እስኪገባ ድረስ የሚረዳ ድጋፍ ይፈቅዳል። ድጋፉ የሁለት ዓመት ተመጣጣኝ የቤት ኪራይ ግምት ወይም ለሁለት ዓመት ያለ ኪራይ የሚኖርበት ተመጣጣኝ ቤት ነው። ይህ ቤት ጊዜው ሲያበቃ የሚመለስ ነው።

ምትክ ቤት

የቀበሌ ቤት ተከራይ የመጠቀም መብት እንጂ የባለቤትነት መብት ስለሌለው ቤቱን መሸጥ አይችልም፤ የቤት ካሣም አይከፈለውም። በመልሶ ማልማት ሲነሣ በአዲስ አበባ ሲሠራበት የቆየው አማራጭ ሌላ የቀበሌ ቤት በኪራይ መውሰድ ወይም የጋራ መኖሪያ ቤት መግዛት ነው። የመጀመሪያው ተከራይነቱን ያስቀጥላል። ሁለተኛው ባለቤት ያደርጋል፤ ነገር ግን የቅድሚያ ክፍያና የባንክ ብድር ግዴታ ያስከትላል። ስለዚህ ተነሺው ከመምረጡ በፊት የቤተሰቡን ገቢ፣ የትምህርት ቤትና የሥራ ቦታ ርቀትን ሊያመዛዝን ይገባል። በ2017 ዓ.ም. ከካዛንቺስ ከተነሡት ነዋሪዎች ከፊሎቹ በገላን ጉራ መስፈራቸው ርቀት ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ መሆኑን ያሳያል።

አስቀድሞ ሊዘጋጁ የሚገባቸው ሰነዶች

• የቀበሌ ቤት ተከራይ፦ የኪራይ ውል፣ የቅርብ ጊዜ የኪራይ ደረሰኝና የነዋሪነት መታወቂያ፤
• የግል ባለይዞታ፦ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ፣ የግንባታ ፈቃድና የግብር ደረሰኝ፤
• በሟች ስም በተመዘገበ ቤት የሚኖር፦ የጋብቻ፣ የልደት ወይም የወራሽነት ማስረጃ።

ደባል ነዋሪ ስሙ በቤቱ ማኅደር ተመዝግቦ መኖሩን በወረዳው የቤቶች አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ያረጋግጥ።

ከመፈረም በፊት

ተነሺው የሚፈርመው ሰነድ ቤቱ ጊዜያዊ ወይም ምትክ መሆኑን፣ የሚቆይበትን ጊዜና የኪራዩን ሁኔታ በግልጽ የሚገልጽ መሆን ይኖርበታል። የሰነዱን ቅጂ መውሰድም አይዘነጋ።

አቤቱታ

በአዋጁ መሠረት የማስለቀቂያ ትእዛዝ የደረሰው ሰው ቅሬታ ካለው በ30 ቀናት ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚ አካል ማቅረብ ይችላል። በውሳኔው ካልተስማማ ለይግባኝ ሰሚ ጉባኤ፣ ከዚያም ለፍርድ ቤት ይግባኝ የማለት መብት አለው። የጊዜ ገደብ ካለፈ መብቱ ሊቀር ስለሚችል ትእዛዙ የደረሰበትን ቀን መመዝገብ ያስፈልጋል። ሕጎችና መመሪያዎች ስለሚሻሻሉም አመልካቾች በዕለቱ በሥራ ላይ ያለውን ድንጋጌ ከወረዳቸው እንዲያረጋግጡ ይመከራል።