ከጅረቱ ወዲህ፣ ከጅረቱ ወዲያ

አማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታን መመዝገብ የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። ተራው እኛ ዘንድ፣ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ሲደርስ የሰፈሩ ሰው እጁን አውጥቶ የመሬት ምዝገባ ኮሚቴ ጸሐፊ አደረገኝ። ደመወዝ የለው፣ አበል የለው፤ መዝገብና እስክሪብቶ ብቻ። ቀበሌውን ባንድ ኮሚቴ እንለካለን ብንል ኖሮ እስከ ዛሬ ገመድ እየጎተትን ነበር። በየንዑስ ቀበሌው ሌላ ኮሚቴ ተመረጠና ሁሉም የሚያውቀውን መሬት ያዘ።

ቀበሌው ራሱም የተሸነሸነ ነገር ነው። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ገበሬ ማኅበር ቢያንስ በ20 ጋሻ፣ ማለትም በ800 ሄክታር ላይ እንዲቋቋም ሲል፣ የእድገት በኅብረት ዘማች ተማሪዎች ገበሬውን በዚያ ልክ ያደራጁ ነበር። ያ ግን ጅምላ ነው። የኛ ጣጣ ማሳ በማሳ ነበር።

ሥራውን የተካፈልነው በጅረት፣ በሸንተረርና በከብት መሄጃ ነው። የእያንዳንዱ ማሳ አዋሳኝ በአራቱም አቅጣጫ በስም ይጻፋል፤ ጎረቤቶች ቆመው «እስከዚህ የሱ ነው» ካላሉ እስክሪብቶ አይነሣም። ከጅረቱ ወዲህ እኔ፣ ወዲያ ሌላ ጸሐፊ። አንድ ቀን መዝገባችንን ድንጋይ ላይ ዘርግተን ስናመሳክር በኔ ምሥራቅ ያለው ሰው በሱ ምዕራብ የለም። ለካ ጅረቱ በክረምት መንገዱን ቀይሮ ኖሯል። እኔ የሱ ድርሻ ናት ስል፣ እሱ የኔ ናት ሲል፣ አንዲት የጤፍ ማሳ መሐል ቤት ቀርታለች። ባለቤቷ መበለት ነበሩ።

«እናንተ ልጆች፣ እኔ የማን ነኝ?» አሉን።

ከሁለቱም ወገን ጎረቤት ጠርተን ጻፍናቸው። የሐይቁ ዳር ግን ባሰ። አርዲቦ በአንከርካ ወንዝ በኩል ወደ ታችኛው ሐይቅ ያፈስሳል፤ በጋ ሲሆን ዳርቻው ይሸሻል። «በምሥራቅ፦ ሐይቅ» ብለህ ትጽፋለህ። ሐይቅ ቆሞ አይመሰክር!

ባለፈው ልጄ በኮምፒውተር አንድ ነገር አሳየኝ። ከ2002 ዓ.ም. የሄይቲ መሬት መንቀጥቀጥ ወዲህ የበረታ ሥራ ነው አለኝ፤ ፈቃደኞች ኦፕን ስትሪት ማፕ በሚባል የኢንተርኔት ካርታ ላይ ሰፊ አገር በአራት ማዕዘን ሸንሽነው ይሥላሉ። አንዱ የያዘው ካሬ ለሌላው ይቆለፋል። ብልህ ነገር ነው። ዓይኔ ግን ጠርዙ ላይ ሄደ፤ መስመሩ አንዲት ጎጆ መሐል ለመሐል ቆርጧታል።

«ይቺን ማን ይሥላታል?» አልኩት።

«መጀመሪያ የደረሰው» አለኝ።