እሳቱን ማን ሰደደው?

በ2017 ዓ.ም. የገና ማግስት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ስልኬ ጮኸ። የደወለልኝ ከሃያ አምስት ዓመት በፊት ሥነ ጽሑፍ ያስተማርኩት፣ አሁን ሎስ አንጀለስ አጠገብ የሚኖር ሰው ነው። እኛ ቤት በዓሉ አልፎ የተረፈውን ዶሮ ወጥ እያሞቅን ነው፤ እሱ ጋ ገና የገና ምሽት ነው። «እንኳን አደረሰህ» ልለው ስል አቋረጠኝ። ድስቱን ምድጃ ላይ ትቶ፣ ልጆቹንና ፓስፖርቶቹን ይዞ ከቤቱ ወጥቷል። ከአልታዲና በላይ ያለው ተራራ እየነደደ ነው። እሱ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ትንሿ ኢትዮጵያ በሚሏት ሰፈር አቅራቢያ፣ ዘመድ ቤት ተጠግቷል።

«ጋሼ፣ ጭሱን አወቅኩት» አለኝ። «የሐረና ጭስ ነው።»

መቼም ጭስ ሁሉ ጭስ ነው፤ የባሌ ዝግባና የካሊፎርኒያ ቁጥቋጦ ሽታቸው አንድ ሊሆን አይችልም። ግን ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል። እንዲገባችሁ ወደ 1992 ዓ.ም. ልመልሳችሁ።

የዚያ ዓመት በጋ ክፉ ነበር። በኦጋዴን፣ ጎዴ ላይ ሰውና ከብት በድርቅ ያልቃል፤ በሰሜን ከኤርትራ ጋር ጦርነት ላይ ነን። በዚህ መሀል፣ ጥር መጨረሻና የካቲት ላይ፣ የባሌና የቦረና ደኖች ተያያዙ። እሳት ለባሌ እንግዳ አይደለም። እንግዳው ነገር እሳቱ የገባበት ቦታ ነው። ሐረና ማለት ጉም የማይለየው፣ ዛፉ ሽበት ያበቀለ የሚመስል፣ ከሥሩ የጫካ ቡና የሚለቀምበት እርጥብ ደን ነው። እርጥብ እንጨት ያነደደ ሰው ያውቀዋል፤ ዓይን በጭስ ያጠፋል እንጂ አይነድም። በ1992 ግን ነደደ። ወራት በፈጀው ቃጠሎ በሁለቱ ዞኖች ከመቶ ሺህ ሄክታር በላይ ደን ተጎዳ።

አገሪቱ የነበራት የእሳት መከላከያ ሰው ብቻ ነበር። ገበሬው፣ ወታደሩ፣ ተማሪው በብዙ አሥር ሺህ ተሰልፎ ወጣ። መሣሪያው ገጀራ፣ አካፋ፣ እርጥብ ቅርንጫፍ፤ ከተገኘም በጀሪካን የተሸከሙት ውኃ። ከጀርመን፣ ከደቡብ አፍሪካና ከአሜሪካ የእሳት ባለሙያዎች መጡ። እኔ የማስተምርበት ክፍል ከፊሉ ባዶ ሆነ። ይህ ልጅ ያኔ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበር፤ የልቦለድ ትንተና የቤት ሥራውን ሳያስረክብ ሄደ። ሲመለስ ቅንድቡ የለም። የቤት ሥራውን ግን አመጣ። (ውጤቱን አልነግራችሁም፤ ለቅንድቡ ስል ጨምሬለታለሁ።)

ያን ሰሞን ከእሳቱ እኩል የተቀጣጠለ አንድ ጥያቄ ነበር፦ ማን ለኮሰው? መንግሥት ሰውን ይከሳል፣ ሰው መንግሥትን ይከሳል። በኦሮሚያ ከተሞች ተማሪዎች «ደናችን ሲነድ ዝም ተባለ» ብለው ሰልፍ ወጡ፤ የታሰሩም ነበሩ። አዲስ አበባ ቡና ቤት ውስጥ ደግሞ ሁሉም መርማሪ ነው። ማር ቆራጩ ነው፤ ከሰል አክሳዩ ነው፤ መሬት ፈላጊው ነው፤ ከብት አርቢው ነው። እኔም አልቀረሁም። ያኔ ጋዜጣ ላይ መጫጫር ጀምሬ ነበርና «ክብሪት የያዘ ድንቁርና» የሚል ጽሑፍ አወጣሁ። ርዕሱን ወድጄው ነበር። ዛሬ ሳነበው አፍራለሁ።

ለነገሩ ቋንቋችን ራሱ ወደዚያው ይገፋናል። የዱር ቃጠሎን የምንጠራው «ሰደድ እሳት» ብለን ነው። ቃሉ «ሰደደ» ከሚለው ግስ ጋር ቤተ ዘመድ ነው፤ ለቀቀ፣ ላከ እንደማለት። የተሰደደ ነገር ደግሞ ሰዳጅ አለው። እናም ቃሉን ገና ስንጠራው ዓይናችን ሰዳጁን ይፈልጋል፤ ቀና ብሎ ሰማዩን ማየት ይቀራል።

የቤት ሥራውን ያመጣው ልጅ ጽሑፌን አንብቦ ኖሮ ቢሮዬ መጣ። «ጋሼ፣ አልተስማማሁም» አለ፤ በእሱ ዕድሜ እኔ ለመምህሬ እንዲህ ለማለት አልደፍርም ነበር። ባሌ ውስጥ አንድ ሽማግሌ አግኝቶ ኖሯል። ሽማግሌው በወጣትነታቸው ከተራራው ላይ አስታ ያቃጥሉ ነበር። አስታ ታውቃላችሁ፤ ከደኑ በላይ፣ ብርድ ባለበት ከፍታ የሚበቅለው ቁጥቋጦ ነው። ሲያረጅ ከብት አይበላውም፣ ሰው አያሳልፍም፣ አውሬ ይሸሸግበታል። እረኞች ቁራሽ ቁራሹን እየለዩ ያቃጥሉታል፤ ሥሩ አይሞትምና ከመሬት አዲስ ቀንበጥ ያወጣል። ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው፦ በቅርቡ የተቃጠለ ቁራሽ ለተወሰኑ ዓመታት ተመልሶ አይነድም፣ የሚነድ ነገር የለውማ። ስለዚህ የዘንድሮው እሳት የአምናውና የካቻምናው ጠባሳ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ተራራው ልክ እንደተጣፈ ልብስ ይሆናል፤ እሳትን በእሳት መጣፍ። ኋላ በአስታው ላይ ምርምር ያደረጉ ሳይንቲስቶችም ይህንኑ ነው የጻፉት።

ከዚያ ማቃጠል ክልክል ሆነ። ሽማግሌው ለልጁ ያሉትን ልጁ እንዲህ ነበር የነገረኝ፦ «ድሮ እሳት ለኩሰን ቆመን እንጠብቀው ነበር፤ አሁን ለኩሰን እንሮጣለን።»

ማቃጠል ምንም ጥፋት የለውም እያልኩ አይደለም። ሐረና ውስጥ ለእርሻ መሬት ሲባል ሆን ተብሎ የተለኮሰ እሳት ነበር፤ ከአስታው ላይ የተለኮሰና የዝግባውን ደን የበላ እሳት የለሽማግሌው ጥበብ ሰበብ አይሆንለትም። እኔ የምለው ሌላ ነው። ማር ቆራጩ በ1991ም ጭስ አጭሷል፣ በ1990ም፣ አያቱም አጭሰዋል። ክብሪቱ ያው ነው። የተለወጠው ዓመቱ ነው።

ዓመቱ ምን ነበረው? ከባሌ እጅግ ሩቅ፣ በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ፣ የወገብ አካባቢው ውኃ ከወትሮው ቀዝቅዞ ነበር። ባለሙያዎቹ ላ ኒና ይሉታል፤ የኤል ኒኞ እህት ናት፣ ጠባይዋ ግን ሌላ። እ.ኤ.አ. ከ1998 አጋማሽ አንስቶ ቆየች። ላ ኒና ስትመጣ ብዙውን ጊዜ የደቡቡና የደቡብ ምሥራቁ ዝናባችን ይጓደላል። የጎዴን ከብት የገደለውና የሐረናን ጉም የገፈፈው አንድ ድርቅ ነው። እኛ ግን አንዱን «ረሃብ» ብለን ለአንድ መሥሪያ ቤት፣ ሌላውን «ቃጠሎ» ብለን ለፖሊስ ሰጠናቸው። በ2000 ዓ.ም. በጋ እንደገና ላ ኒና ሆነች፤ የባሌ ተራሮችም እንደገና ነደዱ። ሚሌኒየማችንን እያከበርን ነበርና ብዙ ሰው አያስታውሰውም።

ሁሉንም እሳት በላ ኒና ላሳብብ አልችልም። በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ሰሜን ተራሮች ሲቃጠሉ እሷ አልነበረችም። ጓሳውና አስታው በረዥም በጋ ደርቆ፣ ዋልያና ጭላዳ በሚውሉበት ገደል ላይ እሳቱ ጠፋ ሲባል እየተነሣ ብዙ መቶ ሄክታር በላ። ከእስራኤል የእሳት ባለሙያዎች መጡ፣ ሄሊኮፕተርም ተገኘ። የደባርቅ ሰው ግን እንደ ባሌ ሰው ቅርንጫፍ ይዞ ነው ገደል የወጣው። በዚያ ሰሞን ፌስቡክን የከፈተ ሰው የ1992ቱን ቡና ቤት እንደገና ያገኘው ነበር። ማን ለኮሰው? የእነማን እጅ አለበት? በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ የተሻሻለው የጭቅጭቁ ፍጥነት ነው።

ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። በ1992 እሳቱን በመጨረሻ ያጠፋው ማን ነበር? የዚያ ሁሉ ሰው ላብ መና ቀረ አልልም፤ ብዙ ቦታ ገድቦታል። ግን ያጠፋው ዝናቡ ነው። ከመጋቢት መጨረሻ ጀምሮ ዘነበ፣ እሳቱም ሞተ። የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤታችን በልግ ነበረ ማለት ነው።

ይህ መሥሪያ ቤት ደግሞ ከዚያ ወዲህ ከሥራ መቅረት አብዝቷል። የምሥራቅ አፍሪካ የመጋቢት-ግንቦት ዝናብ እ.ኤ.አ. ከ1999 ገደማ ጀምሮ መቀነሱን የአየር ጠባይ አጥኚዎች ጽፈዋል። የአገራችን አማካይ ሙቀትም እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ 1.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጨምሯል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረናና በሶማሌ ክልል አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ፤ የቦረና ሰው ከከብቱ ተለያየ። ያን ድርቅ ያጠኑ ሳይንቲስቶች ሰው ከባቢ አየሩን ባያሞቀው ኖሮ እንዲያ ባልከፋ ነበር ብለዋል። ዝናቡ ሲጎድል ሙቀቱ ከመሬቱና ከቅጠሉ የቀረችውን እርጥበት ይመጣል። ክብሪት ለሚጠብቅ ጫካ ከዚህ የተሻለ ማገዶ አይሰናዳለትም።

ወደ ተማሪዬ ልመለስ። እዚያም ቢሆን ነገሩ እንዲሁ ነው። ሁለት ክረምት በደንብ ዘንቦ ቁጥቋጦው ፋፋ፤ ከዚያ ከስምንት ወር በላይ ይህ ነው የሚባል ዝናብ ጠፋ፤ በዚያ ላይ ሳንታ አና የሚባለው ደረቅ ነፋስ ከበረሃው ወረደ። በፓሊሳድስና በአልታዲና ከ16 ሺህ በላይ ቤትና ሕንፃ ወደመ፤ ሠላሳ ያህል ሰው ሞተ። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ አንድ የተመራማሪዎች ቡድን እንዲህ ያለው እሳት ጋባዥ አየር በሙቀቱ ምክንያት 35 በመቶ ያህል የመከሰት ዕድሉ ጨምሯል አለ። ላ ኒናም ደከም ብላም ቢሆን ነበረች። ሰዳጅ ፍለጋው እዚያም አልቀረም፦ ለአልታዲናው የመብራት ኩባንያ ተከሷል፣ ለፓሊሳድሱ በመስከረም 2018 አንድ ሰው ተይዟል። ይጠየቁ፣ ተገቢ ነው። ፍርድ ቤቱ ግን ስምንቱን ደረቅ ወር አስቀርቦ አይጠይቅም።

ጥር አጋማሽ ላይ እንደገና ደወለ። ቤቱ ተርፏል፤ ከሁለት ቤት በኋላ ያለው ጎረቤቱ ግን ጭስ ማውጫው ብቻ ቆሞ ቀርቷል። «ዘነበ ጋሼ!» አለኝ። እኔም እልል ልል ምንም አልቀረኝ፤ ሐረና ትዝ አለችኝ።

«ታዲያ ምነው ድምፅህ ቀዘቀዘ?» ብለው፣ «ተራራው ራቁቱን ነው» አለኝ። «ዝናቡ በርትቶ ከቀጠለ ጭቃው እኛ ላይ ይወርዳል ብለው በር በር እየዞሩ የአሸዋ ከረጢት እያደሉን ነው። አሁን እሱን እየደረደርኩ ነው።»