መተግበሪያው የት ገባ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ለተገልጋዮቹ ያሠራውን የሞባይል መተግበሪያ ሲያስመርቅ፣ እንዲዘግቡ ከተጠሩት ጋዜጠኞች አንዱ ነበርኩ። ሪባን ተቆረጠ፣ ንግግር ተደረገ፣ ቡና ተጠጣ። እኔም "ወረፋን የሚያስቀር" ብዬ ጻፍኩና ሒሳቤን ተቀበልኩ። በቅርቡ እህቴ አዲስ ስልክ ገዛችና ያንኑ መተግበሪያ ልጭንላት ፈለግኩ። የለም። በስሙም፣ በመሥሪያ ቤቱም ስም ፈለግነው፤ የለም። የሚገርመው ግን የእኔ አሮጌ ስልክ ላይ እስከ ዛሬ ቁጭ ብሏል።

የሠራውን ልጅ አፈላልጌ ጠየቅኩት። ማንም አላጠፋውም፤ የሚያድሰው ጠፍቶ ነው። ውሉ ሠርቶ ስለማስረከብ እንጂ ከዚያ በኋላ ስለሚሆነው አንዲት ቃል የለውም።

ብዙዎቻችን መተግበሪያን እንደ መጽሐፍ ነው የምናስበው፤ አንዴ ከታተመ መደርደሪያ ላይ ይኖራል። የዘርፉን ታሪክ ላየ ሰው ግን ይበልጥ የሚመስለው የሣር ክዳን ቤትን ነው። ክዳኑን በየጊዜው ካልለወጡት ማንም ሳያፈርሰው በራሱ ይፈርሳል። ዛሬ የማወራችሁ የዚህን ክዳን ታሪክ ነው። ጉዳዩ የኮምፒውተር ሰዎች ብቻ እንዳልሆነ ስትጨርሱ የምትስማሙ ይመስለኛል።

ሳጥኑ ሲከፈት

መተግበሪያ የሚሠራ ሰው ከባዶ አይነሳም። የስልኩ ሥርዓት ባለቤት የሚያዘጋጀው የመሣሪያ ሳጥን አለ፤ ባለሙያዎቹ ኤስዲኬ ይሉታል። ካሜራውን የሚያስነሳው፣ ቦታን የሚያሳውቀው፣ መልእክት የሚልከው ኮድ ሁሉ ከዚያ ሳጥን ይወጣል። አናጺ መጋዙን ከፈለገው ሱቅ ይገዛል። የመተግበሪያ ሠሪ ግን መጋዙንም ሚስማሩንም የሚያገኘው ቤቱ ከሚሠራበት መሬት ባለቤት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 አይፎን ገበያ ላይ ሲውል ለውጭ ገንቢዎች ምንም ሳጥን አልነበረውም። አፕል በድረ ገጽ በኩል የሚሠሩ አገልግሎቶች ይበቃሉ ብሎ ነበር። በዚያው ዓመት ጥቅምት ስቲቭ ጆብስ ሐሳባቸውን መቀየራቸውን በግልጽ ደብዳቤ አስታወቁ፤ ሳጥኑ በመጋቢት 2008 ወጣ፣ አፕ ስቶርም በዚያው ዓመት ሐምሌ 500 ገደማ መተግበሪያዎች ይዞ ተከፈተ። ጎግል ደግሞ የአንድሮይድን ሳጥን በኅዳር 2007፣ የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክ ለሽያጭ ከመቅረቡ አንድ ዓመት ገደማ ቀድሞ አሳይቶ ነበር።

በእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት ማደስ የፈቃድ ጉዳይ ነበር። አዲሱ ሳጥን ጥሩ ነገር ካለው ትወስዳለህ፤ ከሌለው በአሮጌው ትቀጥላለህ። የአንድሮይድ ገንቢዎች ኢክሊፕስ በሚባል ሌላ አካል በሠራው ፕሮግራም ላይ ተደጋፊ ተጨማሪ ጭነው ይሠሩ ነበር። ጎግል በግንቦት 2013 የራሱን አንድሮይድ ስቱዲዮ አስተዋወቀ፣ በታኅሣሥ 2014 የመጀመሪያውን ሙሉ እትም አወጣ፣ በ2015 አጋማሽ ደግሞ ለኢክሊፕሱ ተጨማሪ የሚሰጠውን ድጋፍ በዓመቱ መጨረሻ እንደሚያቆም ተናገረ። ብዙ ሰው የለመደውን ጥሎ የማያውቀውን ለመልመድ የነበረው ጊዜ ጥቂት ወራት ነበር።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች

በዚያው በ2015 መስከረም ላይ የሆነውን ታሪክ ግን ለእኛ አገር ሰው በተለይ መንገር እፈልጋለሁ።

ለአይፎን የሚሠሩ ሰዎች ዋና መሣሪያ ኤክስኮድ ይባላል። በጊጋባይት የሚቆጠር ከባድ ፋይል ነው። ቻይና ውስጥ ከአፕል አገልጋዮች ማውረድ እጅግ ቀርፋፋ ስለነበር ብዙ ገንቢዎች አቋራጭ ይፈልጉ ነበር። አንድ "ደግ ሰው" ፋይሉን ባይዱ የተባለው ኩባንያ የፋይል ማስቀመጫ ላይ ጫነላቸው። አወረዱ፣ ጫኑ፣ ሥራቸውን ቀጠሉ።

ፋይሉ ግን ተነካክቶ ነበር። በዚያ መሣሪያ የተሠራ መተግበሪያ ሁሉ ሠሪው ሳያውቅ የስልኩን መረጃ ወደ ውጭ የሚልክ ኮድ ይዞ ይወለድ ነበር። ኤክስኮድጎስት ተባለ። በመቶ ሚሊዮኖች የሚጠቀሙበት ዊቻት አንዱ እትሙ ተበከለ፤ የታክሲ መጥሪያው ዲዲም አልቀረለትም። አፕል መተግበሪያዎቹን ከመደብሩ አነሳ። ከዓመታት በኋላ፣ በ2021፣ ኤፒክ ጌምስ አፕልን በከሰሰበት ችሎት የወጡ የኩባንያው የውስጥ ኢሜይሎች እንዳሳዩት ወደ 2,500 የተበከሉ መተግበሪያዎችን 128 ሚሊዮን ተጠቃሚዎች አውርደው ነበር።

ልብ በሉ፤ እነዚያ ገንቢዎች ሰነፎች አልነበሩም። መሣሪያቸውን ለማደስ ነበር የሚሮጡት። ያሳታቸው የኔትወርኩ ፍጥነት ነው። የአፕል ኮምፒውተር ራሱ እንዲህ ያለ የተነካካ ፕሮግራም ሲያይ የሚያስጠነቅቅበት ጥበቃ ነበረው፤ ጥበቃውን ያጠፉት ደግሞ ገንቢዎቹ ራሳቸው ነበሩ። ከዚያ በኋላ አፕል ፋይሉን ቻይና ውስጥ ካሉ አገልጋዮች እንደሚያቀርብ ቃል ገባ።

እኛስ? ፕሮግራምን በፍላሽ መቀባበል፣ መተግበሪያን ከቴሌግራም ቻናል አውርዶ መጫን፣ በብሉቱዝ መላክ የዕለት ተዕለት ኑሯችን ነው። የምንሰጠውም ምክንያት ያው የቻይናዎቹ ነው፤ ዳታ ውድ ነው፣ ኔትወርኩ አይጎትትም።

ከምክር ወደ ትእዛዝ

ማደስ የፈቃድ መሆኑ ያበቃው ከዚህ በኋላ ነው። ምክንያቱም ጨዋ ምክንያት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው አንድሮይድ 6፣ አንድ መተግበሪያ ካሜራ ወይም ማይክራፎን ወይም የስልክ ማውጫ ሲፈልግ በዚያው ሰዓት ባለቤቱን እንዲያስፈቅድ አስገደደ። ከዚያ በፊት ፈቃዱ ሁሉ በመጫኛው ሰዓት በጅምላ ነበር የሚሰጠው። ነገር ግን አዲሱ ሕግ የሚመለከተው "ለአዲሱ አንድሮይድ ነው የተሠራሁት" ብሎ ራሱን ያስመዘገበ መተግበሪያን ነው። "እኔ የድሮው ነኝ" ያለ በድሮው ሕግ ይስተናገዳል። ስለዚህ ማርጀት ለአንዳንዱ ስንፍና፣ ለአንዳንዱ ደግሞ መደበቂያ ሆነ።

ጎግል በታኅሣሥ 2017 በሩን ዘጋ። ከነሐሴ 2018 ጀምሮ አዲስ መተግበሪያ፣ ከኅዳር ጀምሮ ደግሞ የነባሮቹ ማሻሻያ፣ ቢያንስ ለአንድሮይድ 8 የተሠራ መሆን አለበት ተባለ። ደረጃው ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ከፍ ይላል። በሚያዝያ 2022 ደግሞ አንድ እርምጃ ተጨመረ፤ ዒላማው ወደ ኋላ የቀረ መተግበሪያ፣ ከዒላማው የሚበልጥ አንድሮይድ በያዘ ስልክ ላይ ለአዲስ ተጠቃሚ እንዳይታይ ተወሰነ። ቀድሞ የጫነው ሰው ግን ይቀጥላል። የእህቴ ስልክና የእኔ ስልክ እንቆቅልሽ እዚህ ጋ ተፈታ።

አፕልም ከዚህ አልለየም። በመስከረም 2017 የወጣው አይኦኤስ 11 በ32 ቢት የተሠሩትን መተግበሪያዎች ጭራሽ መክፈት አቆመ። ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ ደግሞ ወደ አፕ ስቶር የሚላክ ሁሉ በኤክስኮድ 16 ወይም ከዚያ በላይ መሠራት አለበት ተባለ። አዲሱ ኤክስኮድ አዲስ የማክ ሥርዓት ይፈልጋል፤ አዲሱ ሥርዓት አሮጌ ማክ ላይ አይጫንም። "አፕዴት አድርግ" የሚለው ትእዛዝ እዚህ አገር ሲደርስ "ዶላር ፈልገህ ኮምፒውተር ግዛ" ይሆናል ማለት ነው።

ሱቁ ራሱ ሲዘጋ

ሦስተኛው ዓይነት አደጋ መሣሪያው ራሱ መጥፋቱ ነው። ፎንጋፕ በ2008 ሲጀመር የድረ ገጽ ሥራ የሚያውቅ ሰው በአንድ ኮድ ለብዙ ዓይነት ስልክ እንዲሠራ ስለሚያስችል አቅም ለሌለው ሁሉ በረከት ነበር። አዶቢ በ2011 ሠሪውን ኩባንያ ገዛ፤ በ2020 ደግሞ ሥራውን እንደሚያቆም አስታወቀ፣ መተግበሪያን በኢንተርኔት የሚገነባው አገልግሎቱም በዚያው ዓመት ጥቅምት ተዘጋ። የተረፉት አፓቼ ወደሚይዘው ኮርዶቫ የተሻገሩት ናቸው።

በየካቲት 2021 ደግሞ የአንድሮይድ ገንቢዎች ለዓመታት ዝግጁ ኮድ የሚቀዱበት ጄሴንተር የተባለው ማከማቻ እንደሚዘጋ ባለቤቱ ጄፍሮግ ተናገረ። ጩኸት ሲበዛ ማከማቻው ለንባብ ብቻ ክፍት ሆኖ ቆየ፤ አዲስ ነገር ግን አይገባበትም ነበር። ፋብሪካህ ሳይነካ ጥሬ ዕቃ የምታመጣበት መንገድ ቢዘጋ ምን ታደርጋለህ? ለዓመታት ሥራቸውን ከፍተው ያላዩ ሰዎች ነገሩን ያወቁት ዘግይተው ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ሁልጊዜ አዲሱን ተከተሉ ማለት ቀላል ነው። ግን እውነተኛ ቅራኔ አለ። መሣሪያው ሲታደስ አሮጌ ስልኮችን ይጥላል። ለምሳሌ ጎግል በ2023 የፕሌይ አገልግሎቱን ለአንድሮይድ 4.4 ማቅረብ አቁሟል። እኛ አገር ደግሞ ስልክ ከወንድም ለወንድም፣ ከልጅ ለእናት እየተላለፈ ነው የሚኖረው። ካላደስክ አዲስ ስልክ የያዘውን ታጣለህ፤ ከታደስክ አሮጌ የያዘችውን እናት ልታጣ ትችላለህ። ይህን ሚዛን የሚጠብቀው ደግሞ በየጊዜው ሥራው ላይ የሚቀመጥ ባለሙያ እንጂ አንድ ጊዜ የተፈረመ ውል አይደለም።

የእኔ ሐሳብ ይኼ ነው። ሰዓቱን የሚሞሉት ሌሎች ናቸው። ካሊፎርኒያ ያለ መሥሪያ ቤት ነሐሴ ላይ የወሰነው፣ አዲስ አበባ ያለ ተገልጋይ ወረፋ እንዲይዝ ወይም እንዳይዝ ያደርጋል። ይህን መለወጥ አንችልም፤ ግን ትእዛዙ ሁልጊዜ ከወራት በፊት ነው የሚነገረው። ድንገተኛ ጎርፍ አይደለም፤ እንደ ክረምት ወሩ የታወቀ ነው። ክረምት መምጣቱን እያወቀ ክዳኑን ያላደሰ ሰው ዝናቡን ሊወቅስ አይችልም።

ስለዚህ መተግበሪያ የምታሠሩ፣ ባንክም ሁኑ ቢሮ፣ ውላችሁ ውስጥ የጥገና ዓመታትንና የጥገና በጀትን ጻፉ። ኮዱና የመደብሩ አካውንት በእናንተ ስም መሆኑን አረጋግጡ፤ ልጁ አገር ቢቀይር ቁልፉ አብሮት እንዳይሄድ። ገንቢዎች፣ በየወሩ ትንሽ ማደስ በሦስት ዓመት አንዴ ከመናድ ይቀላል፤ ሳይቃጠል በቅጠል ይሉ የለ። መሣሪያችሁንም ከባለቤቱ ብቻ አውርዱ፤ ሌሊቱን ሙሉ ቢወስድም።

እኔም ድርሻዬን ልውሰድ። በዚያ ምረቃ ላይ እጄን አውጥቼ "ከሁለት ዓመት በኋላ ማን ነው የሚያድሰው?" ብዬ አልጠየቅኩም። ሪባን መቆረጡን ዘገብኩ፣ ቤቱ ክዳን እንዳለው ሳላይ ወጣሁ። በሚቀጥለው ምረቃ የመጀመሪያ ጥያቄዬ እሱ ነው።

ቸር እንሰንብት።