የዐቢይ ቀመር ሐተታ፤ ስለ 532 ዓመት

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 1 ቍጥር 14 ብርሃናት ዘመንን፥ ዕለትንና ዓመትን ይለዩ ዘንድ እንደ ተሾሙ ተነግሯል። ነገር ግን የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ከሩብ፥ የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ነውና ሁለቱ በየዓመቱ አይገጥሙም። ፋሲካ ደግሞ ከፀሐይና ከጨረቃ ሌላ ሦስተኛ ነገር ይሻል፤ ይኸውም ዕለተ እሑድ ነው። ስለዚህ የቀደሙ አባቶች ሦስቱ ባንድነት የሚመለሱበትን ቍጥር መረመሩ።

የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ባሕረ ሐሳብን ለእስክንድርያው 12ኛ ሊቀ ጳጳሳት ለቅዱስ ድሜጥሮስ ይሰጣል። በፈረንጅ አቈጣጠር በ325 የኒቅያ ጉባኤ ፋሲካ በሁሉ ዘንድ ባንድ ቀን እንዲከበር ወሰነ። በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንያኖስ የተባለ የእስክንድርያ መነኵሴ በ532 ዓመት የሚዞረውን ቀመር አዘጋጀ፤ በ457ም ቪክቶርዮስ ዘአኵታንያ ለሮም ሰዎች የ532 ዓመት ሠንጠረዥ ጻፈ። በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ የነበረው አቡ ሻክር የደረሰው የዘመን መጽሐፍም ወደ ግዕዝ ተመልሶ በደራሲው ስም «አቡሻክር» ተባለ።

ስለምን 532 ሆነ ቢሉ፥ የወንጌላውያን ዙር 4፥ የዕለታት ዙር 7፥ የአበቅቴ ዙር 19 ነው። 4ና 6 ቢሆኑ ሁለቱም በ2 ይከፈላሉና በ24 ሳይደርሱ በ12 ይገናኙ ነበር። 4፥ 7ና 19 ግን ከ1 በቀር የጋራ ከፋይ የላቸውም፤ ስለዚህ ከብዜታቸው አስቀድመው ሦስቱ ባንድነት አይገናኙም። ዕለትና ወንጌላዊ በ28 በዐውደ ፀሐይ፥ ወንጌላዊና አበቅቴ በ76 በዐውደ ማኅተም፥ ሦስቱም በ532 በዐውደ ቀመር ይገናኛሉ። ይህም ዘመን በቀን ሲቈጠር 194,313 ቀን ነው፤ ለ7 ቢከፍሉት ያለ ትርፍ 27,759 ሳምንት ይሆናል። በጨረቃም 6,580 ወር ነው።

ዓመተ ዓለም ለ532 ሲገደፍ 14ኛው ቀመር በ7448 ተፈጸመ፤ ይኸውም 1948 ዓመተ ምሕረት ነው። 1949 ዓመተ ምሕረት በጥንተ ቀመር በማክሰኞ፥ በዘመነ ማቴዎስ፥ አበቅቴ አልቦ ሆኖ ገባ፤ ፋሲካውም ሚያዝያ 13 ቀን ዋለ። ከ532 ዓመት በፊት በ1417ም ፋሲካ ሚያዝያ 13 ቀን ውሎ ነበር።

ቍጥሩ እንዲህ የቀና ሲሆን ሰማይ ከርሱ ጥቂት ይለያል። 235 ወር ከ19 ዓመት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ያንሳልና፥ በ532 ዓመት ልዩነቱ 41 ሰዓት ያህል ይደርሳል። የፀሐይም ዓመት ከ365 ቀን ከሩብ 11 ደቂቃ ያህል ስለሚያንስ፥ የሮም ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ በ1582 ከአቈጣጠሩ 10 ቀን አስቀረ። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ግን የአበውን ቀመር ጠብቃ ኖረች።

ስለዚህ የባሕረ ሐሳብ መምህር ሁለቱን ለይቶ ማስተማር ይገባዋል። ቀመሩ ሰማይን እስከ ደቂቃው ይለካል ብሎ የሚያስተምር፥ ደቀ መዝሙሩ ጨረቃን አይቶ ባልገጠመለት ቀን አበውን እንዲነቅፍ ያደርገዋል። ልዩነቱን ብቻ አይቶ ቀመሩን የሚንቅም የተሠራበትን ምክንያት አላወቀም። አበው የደከሙት በቈላም በደጋም ያሉ ምእመናን ጾሙን ባንድ ቀን ጀምረው ትንሣኤውን ባንድ ቀን ያከብሩ ዘንድ ነውና። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።