በዘመን መለወጫ ማታ የታየው ፊልም

ማስታወቂያ ሲባል የሳሙናና የቢራ መሸጫ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ሰውን ወደ ሥልጣን የሚያወጣና ከሥልጣን የሚያወርድ ማስታወቂያም አለ። በአሜሪካ አገር ጳጉሜን 2 ቀን 1956 ዓ.ም. የፕሬዚዳንት ጆንሰን ወገኖች የአበባ ቅጠል እየቀነጠሰች የምትቆጥር ሕፃን በቴሌቪዥን አሳይተው፣ ወዲያው የአቶሚክ ቦምብ ፍንዳታ አስከተሉበት። የተወዳዳሪያቸውን የጎልድዋተርን ስም አልጠሩም፤ ገንዘብ ከፍለው ያሳዩትም አንድ ቀን ብቻ ነው። ተመልካቹ ግን ነገሩ ገባው።

በአገራችን ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ በምርጫ የሚወዳደሩ የፖለቲካ ፓርቲዎች ስላልነበሩ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ አልታየም። ዐሥር ዓመት ቆይቶ ግን ከአሜሪካው የበረታ መጣ።

በ1965 ዓ.ም. በወሎ ብርቱ ረሃብ ሆነ። ረሃብተኛው ከቀየው እየወጣ በአውራ መንገዱ ዳር ተኮለኮለ፤ ይኸው መንገድ ከደሴ ተነሥቶ በእኛዋ በደብረ ብርሃን በኩል አዲስ አበባ የሚገባው ነው። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ፎቶግራፍ አንሥተው ቢያሳዩም ባለሥልጣኖቹ ነገሩን ሸፈኑት። ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. ግን ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የሠራው ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየና ዓለም ሰማ።

ደርግ ይኸንኑ ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ለኢትዮጵያ ሕዝብ ሲያሳይ እንዳለ አላሳየውም። በረሃብተኛው መካከል የቤተ መንግሥቱን ግብር፣ የሻምፓኙን ብርጭቆ፣ ጃንሆይ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ የሚያሳየውን ሥዕል እያስገባ ቀጣጠለው። ጃንሆይም እንዲመለከቱት ተነግሯቸው ነበር ይባላል። ቴሌቪዥን ያለው ሰው ጥቂት ነበር፤ ያየው ግን ላላየው ነገረ። በማግሥቱ ግርማዊነታቸው ከዙፋን ወርደው በቮልስዋገን መኪና ተወሰዱ።

ሥዕሉ አንድ በአንድ ሲታይ ሐሰት የለበትም። ረሃቡም እውነት ነው፤ ግብሩም እውነት ነው። ኃይሉ ያለው በመቀጣጠሉ ላይ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ሰዓት የሆኑ ያስመስላልና። እኔ እንደሚመስለኝ ረሃቡን መደበቅ ታላቅ በደል ነበር፤ መከሰሱም የሚገባ ነው። ዳሩ ግን ፊልሙ ምስክር መሆኑ ቀርቶ ዳኛ ሆነ። ጉዳዩ በመርማሪ ኮሚሲዮን ተይዞ ሳለ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሮች የነበሩት አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን ከሌሎች ጋር፣ በጠቅላላው 60 ያህል ሰዎች፣ ያለ ፍርድ ተረሸኑ።

በመስከረም 1977 ዓ.ም. ደርግ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲያከብር ወሎ ዳግመኛ ተርቦ ነበር። ጥቅምት 13 ቀን ቢ.ቢ.ሲ. በመሐመድ አሚን ካሜራ የተነሣውን የኮረምን ሕዝብ ለዓለም አሳየ። የአገሩ ቴሌቪዥን በደርግ እጅ ስለ ነበረ፣ በዚህ ጊዜ ድግሱን ከረሃቡ ጋር የሚቀጥል ሰው አልተገኘም።