ሀገር ስጠኝ

ስልጠና ገብታችሁ የምታውቁ ሁሉ ታውቋታላችሁ፤ ያቺን "አይስ ብሬከር" የምትባለዋን። አሰልጣኙ ወረቀት ጠቅልሎ ይበትናል፤ ዕጣ የወጣለት ተነስቶ ስሙንና የሚወደውን ፍራፍሬ ይናገራል። ማንጎ የሚል ይበዛል። ከዚያ እስከ ሻይ ሰዓት ማንም ማንንም አያናግርም። (ይቅርታ ለአሰልጣኞች።)

እንቆቅልሽ እያለን ይህንን መኮረጃችን ይገርመኛል። አንዱ "እንቆቅልህ" ሲል ሌላው "ምን አውቅልህ" ይላል፤ በቃ፣ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች ተናገሩ። ከማንጎው የሚለየው መሸነፍ ስላለበት ነው። መልሱ የጠፋው ሰው "ሀገር ስጠኝ" ይባላል። ጎንደርን ይሰጣል፣ ጅማን ይሰጣል። ተቀባዩ ካልጣመው ሌላ ይጠይቃል፤ ከጣመው ደግሞ እዚያ ሄዶ የሚበላውንና የሚጠጣውን ለራሱ ይደረድርና ውርደቱን ሁሉ ለተሸናፊው ያከናንበዋል። ቤቱ በሳቅ ይሞላል።

እኔን ግን ይህ ቅጣት የድሮው ቤተ መንግሥት ፌዝ ይመስለኛል። ንጉሡ የወደደውን ሲሾም ሀገር ይሰጥ ነበር። የተሰጠውን ሀገር ግን የጠየቀው የለም፤ እንደ ጨዋታው።

አሁን ጨዋታውን ይዛችሁ ቆቦ ውረዱ። ቆቦና አላማጣ የሚገኙት በአንድ መንገድ ላይ፣ በአንድ የጤፍና የማሽላ ሜዳ ውስጥ ነው። በደርግ ጊዜ ሁለቱም የወሎ ክፍለ ሀገር፣ የራያና ቆቦ አውራጃ ነበሩ። ከ1984ቱ የክልል አከላለል በኋላ አላማጣ ወደ ትግራይ፣ ቆቦ ወደ አማራ ሆኑ። ሕዝበ ውሳኔ አልተደረገም። ሀገር ተሰጠ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ሐምሌ 2013 የሕወሓት ኃይሎች ቆቦን ያዙ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014ም ቆዩ። በዚያ ጊዜ በከተማዋ የተፈጸመውን የሲቪሎች ግድያ አምነስቲ ኢንተርናሽናል የካቲት 2014 በሪፖርቱ አውጥቶታል። ውጊያው እንደገና ያገረሸውም እዚያው ቆቦ አካባቢ ነው፤ ነሐሴ 18 ቀን 2014። ቀኗን ልብ በሏት። ነሐሴ 16 ሶለል ይገባል። የራያ ቆቦ ልጃገረዶች ሹሩባ ተሠርተው፣ ከበሮ ይዘው፣ ከቤት ቤት እየዞሩ የሚጫወቱበት ሳምንት ነው። (በረዶ መስበር ካላችሁ እሱ ነው፤ አሰልጣኝም አያስፈልገውም።) ሁለት ሶለል፣ የ2013 እና የ2014፣ ከመድፍ ጋር ተጋጠመ።

ጥቅምት 2015 ፕሪቶሪያ ላይ የተፈረመው ስምምነት የይገባኛል ጥያቄ ያለባቸው አካባቢዎች ጉዳይ በሕገ መንግሥቱ መሠረት እንዲፈታ ይላል። ያ እስኪሆን ድረስ "አላማጣን ሰጠሁህ" ብሎ የሚቀልድ ሰው ቆቦ ውስጥ ሳቅ ባይጠብቅ ይሻለዋል።

ጨዋታው ግን አይቅር። ቆቦ ላይ ስልጠና የምትሰጡ ካላችሁ ማንጎውን ትታችሁ እንቆቅልሹን ጀምሩ፤ ተሸናፊው ፓሪስን ይስጥ። ተቀባዩ "አልጣመኝም" ካለ ቤጂንግ አለች።