የሐኪም ትምህርት በማን ወጪ? የሕክምና ተማሪዎች ድጎማና የአገልግሎት ግዴታ ታሪክ፣ ከምዕራብ ዓባያ አንጻር ሲታይ

ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወስደው አውራ ጎዳና የዓባያን ሐይቅ በስተግራ፣ የጋሞን ተራሮች በስተቀኝ እያሳየ ምዕራብ ዓባያ ወረዳን ያቋርጣል። የወረዳው ዋና ከተማ ብርብር ነው። አገሩ ቆላ በመሆኑ ሙዝና ማንጎ በሰፊው ይመረትበታል፤ ወባም የዚያኑ ያህል የቆየ ነዋሪ ነው። ከእንዲህ ያለ ወረዳ የተነሣ ወጣት የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና በሚገባ አልፎ ለሕክምና ትምህርት ቢመደብ፣ የሰውን ገላ አወቃቀር መማር ከመጀመሩ አስቀድሞ አንድ ሰነድ ይፈርማል። ሰነዱ የወጪ መጋራት ውል ይባላል። ፈራሚው ከዩኒቨርሲቲው የሚያገኘው ምግብ፣ መኝታና ትምህርት ስጦታ ነው ወይስ ብድር? ብድር ከሆነስ አበዳሪው ማን ነው፣ የሚከፈለውስ ለማን ነው? ይህ ጥያቄ ከውሉ በፊት ረዘም ያለ ታሪክ ያለው በመሆኑ፣ ከዚህ በታች ከመነሻው ጀምሮ ለመመልከት ይሞከራል።

በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠነው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ወጪው የተሸፈነው በመንግሥትም በወላጅም አልነበረም። በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ጦርነት ጊዜ ሕፃን ሳለ በእንግሊዝ ጦር እጅ ገብቶ ወደ ህንድ ተወሰደ፤ ያሳደጉትና ያስተማሩት የዚያው ጦር መኮንኖች ሲሆኑ፣ ቻርልስ ማርቲን የሚለው ሁለተኛ ስሙም ከእነርሱ የተገኘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 ላሆር ከሚገኘው የሕክምና ኮሌጅ ተመረቀ። ለትምህርቱ ከኢትዮጵያ ግምጃ ቤት አንዲት ጠገራ ብር እንኳ አልወጣችም፤ ይሁን እንጂ ኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ በሐኪምነት፣ በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ኃላፊነትና በዲፕሎማትነት አገልግሏል። ግዴታ ሳይኖርበት የከፈለ የመጀመሪያው ባለ ዕዳ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ሁለተኛው ዓይነት ድጎማ የመሳፍንት በጎ ፈቃድ ነበር። ራስ ተፈሪ፣ በኋላም ንጉሠ ነገሥት፣ ወደ ውጭ አገር ልከው ካስተማሯቸው ወጣቶች መካከል መላኩ በያን በአሜሪካ አገር ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምሮ ጦርነቱ ሊነሣ ሲል ተመለሰ። ሥራውን በቅጡ ሳይጀምር ወራሪው ደረሰና፣ የተማረበት ገንዘብ ዋጋ በሐኪም ቤት ሳይሆን በዘመቻና ኋላም በአሜሪካ ለኢትዮጵያ ድጋፍ በማሰባሰብ ተከፈለ። በእንዲህ ያለው አሠራር የተጻፈ ውል አልነበረም፤ ዕዳው ለላከው ጌታ የሚሰጥ ታማኝነት ነበር። ጉድለቱም ግልጽ ነው፤ በቤተ መንግሥት አጠገብ ያልታየ ልጅ፣ ለምሳሌ በጨንቻ ወይም በዓባያ ዳር የተወለደ፣ በዚህ መንገድ የሚያልፍበት ደጅ አልነበረም።

ከነጻነት በኋላ መንግሥት ራሱ የድጎማው ባለቤት ሆነ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት በአገሪቱ የሕክምና ፋኩልቲ ስላልነበረ ሐኪም ለመሆን የሚሹ ተማሪዎች ወደ ቤይሩትና ወደ ሌሎች የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ይላኩ ነበር። ዋጋው ከባድ፣ የሚላከው ጥቂት፣ ሲመለስም የሚቀረው በዋና ከተማ ነበር። ለዚህ ችግር የተገኘው የመጀመሪያው ብልኅ መልስ እ.ኤ.አ. በ1954 በጎንደር የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅ ነው። ኮሌጁን መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅትና ከአሜሪካ የቴክኒክ እርዳታ ጋር ሆኖ አቋቋመው። ለምሥረታው አጣዳፊነት የሰጠው ከአንድ ዓመት በፊት በደምቢያ የተነሣው ብርቱ የወባ ወረርሽኝ መሆኑን ማስታወስ፣ የዓባያን ዳርቻ ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩን ቅርብ ያደርገዋል።

በጎንደር የሠለጠኑት ጤና መኮንኖች፣ የኅብረተሰብ ነርሶችና ሳኒታሪያኖች ነበሩ። ሦስቱም በአንድነት፣ እንደ አንድ ቡድን፣ በገጠር ጤና ጣቢያ እንዲሠሩ ታስቦ ትምህርቱም በአካባቢው ጤና ጣቢያዎች በተግባር ይሰጥ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠለቅ ብሎ መታየት ይገባዋል። ድጎማው ከሥልጠናው ይዘት ጋር የተገጣጠመ ነበር፤ ተማሪው በመንግሥት ወጪ የተማረው ትምህርት ራሱ ለገጠር የተሠፋ ልብስ ስለነበረ፣ በዚያ ዕውቀት ከጤና ጣቢያ ውጭ ሌላ ገበያ ማግኘት ቀላል አልነበረም። ሆኖም ልብሱ ቆይቶ ጠበበ። የጤና መኮንኑ የሐኪምን ሥራ እየሠራ የሐኪምን ማዕረግ፣ ደመወዝና የዕድገት በር አላገኘም። ስለሆነም ከእነርሱ ብዙዎቹ ወደ ሕክምና ትምህርት ተሸጋገሩ፤ ጣቢያቸውንም ለቀቁ። ጥፋቱ የሰልጣኞቹ ነው ማለት አይቻልም። ሰውን ያለ ደረጃ ዕድገት በአንድ ስፍራ ለማቆየት የፈለገ ድጎማ ሁልጊዜ የሚገጥመው ዕጣ ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1964 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ሲከፈት፣ በዚያው ዓመት አካባቢ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የተባለው ደንብም ተጀመረ። በዚህ ደንብ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በክፍላተ ሀገር ያገለግሉ ነበር፤ አብዛኞቹም የተመደቡት በመምህርነት ነው። የዛሬ አንጋፋ መምህራን ብዙዎቹ በእነዚያ ወጣቶች የተማሩ ናቸው። የነጻ ትምህርት ምላሽ በአገልግሎት ይከፈል የሚለው ሐሳብ በአገራችን በግልጽ የተደነገገው ያን ጊዜ ነው።

በደርግ ዘመን ትምህርቱም ምደባውም በማዕከል ተያዘ። ጎንደር እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ ከላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ሐኪሞችን ማሠልጠን ያዘ፤ የጤና መኮንን ሥልጠናም ተቋረጠ። በ1983 እ.ኤ.አ. የጅማ ጤና ሳይንስ ተቋም በኅብረተሰብ ላይ የተመሠረተ ትምህርት ይዞ ብቅ አለ። ከሶሻሊስት አገሮችም ነጻ የትምህርት ዕድል በብዛት መጣ፤ ኩባ ብቻዋን በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆችን ተቀብላ አስተምራለች፣ ከእነርሱም ሐኪም የሆኑ አሉ። በአርባ ምንጭ በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ተቋም ቢከፈትም ከጋሞ ምድር ሕክምና የሚማር ወጣት ገና ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ጎንደር ወይም ወደ ጅማ መሻገር ነበረበት። ተቋሙ በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ከዚያ ወዲህ ሕክምናን ሲጨምር ነው ከብርብር በአንድ የመኪና ጉዞ የሚደረስበት የሐኪም ትምህርት የተገኘው።

ዩኒቨርሲቲው በተሰየመበት የትምህርት ዘመን ነጻው ትምህርት ስሙን ለወጠ። በአዋጅ ቁጥር 351/1995 እና በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91/1995 መሠረት የወጪ መጋራት ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ተማሪው የምግብና የመኝታ ወጪውን በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን እንዲጋራ ተደነገገ። ክፍያው ከምረቃ በኋላ ከገቢው በየወሩ ቢያንስ 10 በመቶ በመቀነስ ይፈጸማል፤ ወለድ የለበትም። በመምህርነትና ለሕዝብ ጥቅም ተብለው በተለዩ ሙያዎች የተሰማሩት ግን ዕዳቸውን በአገልግሎት ማካካስ ይችላሉ። አሠራሩ አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1989 ከጀመረችው የምሩቃን ክፍያ ጋር ይመሳሰላል።

ስለዚህ ሕግ በትምህርት ቤቶች የሚሰማው አስተያየት ብዙውን ጊዜ የተዛባ ነው። አንዳንዱ «መንግሥት ማስተማር ተወ» ይላል፤ ሌላው ዕዳው መቼም የማያልቅ ይመስለዋል። ሁለቱም ትክክል አይደሉም። ወለድ የሌለው ዕዳ የብር ዋጋ በቀነሰ ቁጥር እየቀለለ ይሄዳል። የሕክምና ተማሪ ከሌላው ይልቅ ረዘም ላሉ ዓመታት ስለሚማር የምግብና የመኝታው ሒሳብ ይበዛል፤ ይሁን እንጂ የትምህርቱ ትልቁ ድርሻ አሁንም የሚሸፈነው ከመንግሥት ግምጃ ቤት ነው። ግምጃ ቤቱን ከሚሞሉት መካከል ልጁን ሐኪም ለማድረግ ዕድል ያላገኘው የምዕራብ ዓባያ የሙዝ ገበሬ አንዱ ነው። አበዳሪው እርሱም ነው እንግዲህ። ይሁን እንጂ በውሉ ላይ ስሙ አልተጻፈም፤ ሐኪሙም ወደ እርሱ እንዲመለስ የሚያስገድድ አንቀጽ የለም።

ከወጪ መጋራት ጎን ለጎን የሕክምና ምሩቃን ለተወሰኑ ዓመታት በተመደቡበት የማገልገል ግዴታ ነበረባቸው፤ የምደባው ስፍራ ለብዙ ጊዜ በዕጣ ይወሰን ነበር። ዕጣ ለምሩቃኑ ፍትሐዊ ነው። ዘመድ ያለውንና የሌለውን አይለይም። ለወረዳዎቹ ግን ዕውር ነው፤ በዓባያ ዳር ተወልዶ የጋሞን ቋንቋ የሚናገረውን ወጣት ወደ ሌላ ዳርቻ፣ የዚያን ዳርቻ ልጅ ደግሞ ወደ ጋሞ ሊልክ ይችላል። የዶርዜ ሸማኔ አዲስ አበባ ከርሞ ለመስቀል ወደ አገሩ የሚመለሰው ያለ ውል ነው፤ ቤቱ፣ ዘመዱና ክብሩ እዚያ ስላሉ ነው። የሐኪም ምደባ ይህን ዓይነቱን ገመድ ሊጠቀምበት አልሞከረም ማለት ይቻላል።

በውጭ አገር የተሞከሩ ሁለት መንገዶች እዚህ ላይ ይጠቅማሉ። በአሜሪካ አንድሩ ቴይለር ስቲል የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1892 በሚዙሪ ግዛት ኦስቲዮፓቲ የተባለውን የሕክምና ትምህርት ቤት መሠረተ። ስያሜው አጥንትን ቢጠቅስም ነገሩ ወጌሻነት አይደለም፤ ዛሬ የዚህ ትምህርት ምሩቃን በዚያ አገር ሙሉ የሐኪም ፈቃድ አላቸው። ከትምህርት ቤቶቹ ብዙዎቹ የግል በመሆናቸው ክፍያቸው ከባድ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1963 ባወጣው ሕግ ለኦስቲዮፓቲ ተማሪዎች እንደ ሌሎቹ የሕክምና ተማሪዎች ብድር ፈቀደ። በ1972 ደግሞ ሐኪም በጠፋበት ወረዳ ለማገልገል ቃል ለሚገቡት ነጻ የትምህርት ዕድል ተሰጠ። ለእያንዳንዱ የድጎማ ዓመት አንድ ዓመት፣ ቢያንስ ግን ሁለት ዓመት ያገለግላሉ፤ ውሉን ያፈረሰ ሦስት እጥፍ ይከፍላል። ቅጣቱ ብርቱ ነው፤ ነገር ግን ወጣቱ ሐኪም ዓመቱን ቆጥሮ ሲጨርስ ከመሄድ አያግደውም።

ጃፓን በዚያው በ1972 የያዘችው መንገድ ለየት ያለ ነው። ጂቺ የተባለውን የሕክምና ዩኒቨርሲቲ ያቋቋሙት ክፍለ ሀገሮቹ በጋራ ሲሆኑ፣ ከየክፍለ ሀገሩ በየዓመቱ ሁለት ወይም ሦስት ተማሪዎች ይመረጣሉ። ስድስት ዓመት የተማረ ዘጠኝ ዓመት ወደ መጣበት ክፍለ ሀገር ተመልሶ ያገለግላል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሐኪም ባጡ መንደሮችና ደሴቶች ይሠራል፤ ክፍያውም ይሰረዝለታል። አበዳሪው የታወቀ ነው፤ ስሙም በውሉ ላይ አለ።

ወደ ጃፓን ሳንሄድም በአገራችን ተመሳሳይ ነገር ተሠርቷል፤ በሐኪም ደረጃ ግን አልነበረም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም 10ኛ ክፍል ያጠናቀቁ ወጣት ሴቶችን ከሚያገለግሉበት ቀበሌ መርጦ፣ አንድ ዓመት ያህል አሠልጥኖ፣ ለእያንዳንዱ ቀበሌ ሁለት ሁለት አድርጎ በመንግሥት ደመወዝ መደበ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥራቸው ከ30,000 በላይ ደረሰ። በቆላው የአጎበር አጠቃቀምን ከቤት ቤት እየዞሩ ያስተማሩት እነርሱ ናቸው። መራጩ ቀበሌ፣ ተመራጯም የቀበሌው ልጅ ስለሆነች ድጎማውና ስፍራው አልተለያዩም። የጎንደሩ የዕድገት ጥያቄ እዚህም መነሣቱ አልቀረም፤ ከፍ ያለ ደረጃ የሚሰጥ ተጨማሪ ሥልጠና የተከተለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ዛሬ ሁኔታው ተለውጧል። የምሩቃን ሐኪሞች ቁጥር ስለ በዛ መንግሥት ሁሉንም መመደብ አልቻለም፤ ሐኪም ያጣ ወረዳና ሥራ ያጣ ሐኪም በአንድ ጊዜ ይገኛሉ። የጤና ባለሙያዎች በ2011 እና በ2017 ዓ.ም. ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሁኔታ ጥያቄያቸውን በአደባባይ አሰምተዋል። በሌላ በኩል በ2014 የትምህርት ዘመን ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ስለነበሩ፣ ከገጠር ወረዳ ወደ ሕክምና የሚያልፈው በር እጅግ ጠቧል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ በመንግሥት ወጪ ከሚማሩት ጎን ከፍለው የሚማሩም ይገኛሉ። ከፍሎ ለመማር የብርብር ቤተሰብ አቅም ምን ያህል እንደሆነ መምህሩ ከማንም በላይ ያውቃል።

በዚህ መካከል መምህሩ ሊሠራ የሚችለው አንድ ቀላል ነገር አለ። የውሉ ይዘት በ11ኛና በ12ኛ ክፍል በሒሳብ ትምህርት እንደ መልመጃ ሊቀርብ ይችላል። ለምሳሌ አንድ ምሩቅ 36,000 ብር ዕዳ ቢኖርበትና የወር ደመወዙ 12,000 ብር ቢሆን፣ በየወሩ 10 በመቶ ሲቀነስበት ዕዳው በ30 ወር ያልቃል። ተማሪዎች ይህን በሰሌዳ ላይ ሲሠሩት ፍርሃታቸው ይቀንሳል፤ ሌላ ጥያቄም ያነሣሉ። ምሩቁ ሥራ ካላገኘስ? ሕጉ ክፍያውን ከገቢ ጋር ስላያያዘው ገቢ የሌለው አይከፍልም። ያን ጊዜ ግምጃ ቤቱ ገንዘቡን፣ ምዕራብ ዓባያም ሐኪሙን አያገኙም።